ምዕራፍ ሰባት፦ ከአንገት እስከ ብሽሽት

በ1985 በፊንላንድ ሦስት የሥነ ደዌ ተመራማሪዎች በሌላ ምክንያት የሞቱ 101 ሰዎችን ታይሮይድ ዕጢ ወስደው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በሆነ ውፍረት ከተፉት። በ36ቱ ውስጥ ካንሰር ተገኘ። በሕይወት ሳሉ ማንም አላወቀባቸውም፤ እነሱም አልታመሙበትም። ብዙዎቹ ካንሰሮች አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞሉ ነበሩ፤ ዕጢው ከዚያም በቀጭኑ ቢከተፍ ኖሮ ቁጥሩ ይጨምር ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ለጆሮ የሚከብድ ነው፦ እንዲህ ያለው ጥቃቅን የታይሮይድ ካንሰር በጤነኛ ሰው ላይ የሚገኝ የተለመደ ነገር ተደርጎ ይቆጠር፣ በአጋጣሚ ሲገኝም አይታከም አሉ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቻችን ስለ ምስል ምርመራ ያለን እምነት አንድ ነው፦ ቶሎ የታየ ሁሉ ቶሎ ይድናል። ለዚህ ምዕራፍ ሁለት የሰውነት ክፍሎችን የመረጥኩት ይህ እምነት በአንዱ ላይ ሲፈርስ፣ በሌላው ላይ ግን ሰዓት ተቆጥሮ ስለሚሠራ ነው። አንዱ ጉሮሮ ፊት ለፊት የተቀመጠው ታይሮይድ ነው። ሌላው ከአንድ ሰው ወጥቶ በሌላ ሰው ብሽሽት በላይ የተተከለ ኩላሊት ነው። ሁለቱ የሚታዩት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ።

መሣሪያው አልትራሳውንድ ነው። ባለሙያው ቆዳ ላይ ጄል ቀብቶ የሚያንሸራትተው ፕሮብ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ የታይሮይድ ፕሮብ ግን በሴኮንድ ከ7 እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተሩ የተመለሰበትን ጊዜና ጉልበት ለክቶ በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር ነጥቦች ይሥለዋል። ንጹሕ ፈሳሽ የሚመልሰው ነገር ስለሌለው ጥቁር ይሆናል፤ የካልሲየም ፍንጣሪ ነጭ ሆኖ ያበራል። ርግብግቡ በበዛ መጠን ምስሉ ይጠራል፣ ድምፁ ግን ወደ ውስጥ ርቆ አይሄድም። ታይሮይድ ከቆዳ ሥር ስለሆነ ከፍተኛውን ርግብግብ መጠቀም ይቻላል። የተተከለ ኩላሊትም ጀርባ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠው ከተፈጥሯዊው ኩላሊት ይልቅ ለፕሮቡ በጣም የቀረበ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ደጋግሞ ለማየት የሚከለክል ነገር የለም፤ የታይሮይድ ጣጣም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የዛሬ አልትራሳውንድ አንገት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር የሆነ እብጠት ያሳያል። ሐኪሞች ኖጁል ይሉታል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዳሰፈረው፣ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች በአልትራሳውንድ ቢታዩ ከ19 እስከ 68 በመቶ የሚሆኑት ኖጁል ይገኝባቸዋል፤ በሴቶችና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበዛል። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ7 እስከ 15 በመቶው ነው። ስለዚህ የባለሙያው ሥራ ኖጁል መፈለግ አይደለም፤ ኖጁልማ ሞልቷል። ሥራው የትኛው ኖጁል የናሙና መርፌ እንደሚገባው፣ የትኛው እንደሚተው መለየት ነው።

ለዚህ መለያ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 ቲራድስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ አወጣ። አምስት ነገር ይታያል፦ ኖጁሉ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር፣ ከአካባቢው ሥጋ ይጠቁራል ወይ፣ ቅርጹ፣ ጠርዙ፣ ውስጡ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች። ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሆነ፣ ወይም እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ኖጁል ይተዋል፤ በሽተኛዋም በሰላም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጠጣር ሆኖ በጣም የጠቆረ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ውስጡ የነጭ አሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ ያለው ኖጁል ያሳስባል። ከሁሉ የሚገርመኝ የቅርጹ ነገር ነው። ጤናማ ኖጁል ዕጢው በተዘረጋበት አቅጣጫ ወደ ጎን ያድጋል፤ ካንሰር ግን የሥጋውን ድንበር ሳያከብር ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። በምስሉ ላይ ቁመቱ ከስፋቱ የበለጠ ኖጁል የታየ እንደሆነ ባለሙያው ፕሮቡን ቀስ አድርጎ እንደገና ያዞራል።

ነጥቡ ከፍተኛ የሆነው ኖጁል እንኳ መርፌ የሚገባው አንድ ሴንቲሜትር ሲሞላ ነው። መካከለኛው 1.5 ሴንቲሜትር፣ ብዙም የማያሳስበው ደግሞ 2.5 ሴንቲሜትር ይጠበቅለታል። አስጊ መልክ ያለውን ኖጁል ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይቶ መተው ለበሽተኛውም ለሐኪሙም የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ምክንያቱ ግን ከፊንላንዱ ቆጠራ ጋር አንድ ነው።

መርፌው በየሆስፒታሉ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው ነው። ቀጭን መርፌ በአልትራሳውንድ እየተመራ ገብቶ ጥቂት ሕዋሳት ይቀዳል፤ ውጤቱም ቤተስዳ በሚባለው መመዘኛ ከስድስት መደቦች በአንዱ ይቀመጣል። ፓፒላሪ የሚባለውና ከሁሉም የሚበዛው የታይሮይድ ካንሰር በመርፌው ጥሩ ሆኖ ይታወቃል፤ የሕዋሳቱ አስኳል ራሱ ይናገራል። ፎሊኩላር የሚባለው ግን ከጤናማ እብጠት የሚለየው በሕዋሱ መልክ አይደለም። የኖጁሉን ሽፋን ወይም የደም ሥሩን ሰብሮ መውጣቱ ነው የሚለየው፤ ይህንን መርፌ አያይም። የሚታወቀው ግማሹ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሽፋኑ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።

ይህ ነጥብ እኛን ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል። አዮዲን በሚያንስባቸው አገሮች የፎሊኩላር ካንሰር ድርሻ ከሌላው ዓለም ከፍ ይላል። ኢትዮጵያ ደግሞ እንቅርት በየደጋው የሚታይባት አገር ናት። ቀድሞ በኤርትራ ወደቦች በኩል ይገባ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1998 በተነሳው ጦርነት ተቋረጠ፤ አገሪቱ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ዳግም የወጣው በ2011 ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር አልትራሳውንድ ክፍል የምትተኛው ሴት አንገት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው አንድ ኖጁል ሳይሆን በርካታ ኖጁሎች የተደራረቡበት ትልቅ እንቅርት ነው። ባለሙያው ከአሥሩ መካከል አጠራጣሪውን መምረጥ አለበት። ትልቁ ሁልጊዜ አስጊው አይደለም፤ መርፌው ወደ ትልቁ ሄዶ ትንሹና ጥቁሩ ሊታለፍ ይችላል። በአንገት ጎን ያሉትን ንፍፊቶች ሳያዩ ምርመራውን መጨረስም የሥራ ጉድለት ነው። ክብ የሆነ፣ ውስጡ ነጠብጣብ ወይም ፈሳሽ ያለበት ንፍፊት ካንሰሩ ከዕጢው መውጣቱን ያሳብቃል።

ሌሎቹ መሣሪያዎች ቦታቸው ጠባብ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን በዝቶ፣ ዕጢውን የሚያዝዘው ሆርሞን የቲ ኤስ ኤች መጠን ዝቅ ካለ፣ በትንሽ የጨረር ንጥረ ነገር የሚሠራው ስካን ኖጁሉ ራሱ ሆርሞን እያመረተ መሆኑን ያሳያል፤ እንዲህ ያለው “ትኩስ” ኖጁል ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው እንቅርቱ ከደረት አጥንት ጀርባ ሲወርድ፣ ወይም የአየር ቧንቧውን ሲጫን ነው። ለሌላ በሽታ በተሠራ ፔት ስካን ታይሮይድ ላይ አንድ ነጥብ ብቻዋን ካበራች ግን ችላ አትባልም፤ ከሦስት አንዱ ገደማ ካንሰር ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ደቡብ ኮሪያ እንሂድ። መንግሥት በ1999 አገር አቀፍ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረ። ታይሮይድ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ከ30 እስከ 50 ዶላር ለሚከፍል ሰው የአንገት አልትራሳውንድ ጨምረው ይሠሩ ነበር። ማን እንቢ ይላል? አያምም፣ ጨረር የለውም፣ አሥር ደቂቃ ነው። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር የሚገኝበት መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በዚያ አንድ ዓመት ከ40,000 በላይ ሰው “ካንሰር አለብህ” ተባለ። በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን በዓመት ከ300 እስከ 400 ባለው መጠን ላይ ቆሞ ቀረ። ምርመራው ሞትን የሚከላከል ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት፤ በሽታው በእውነት ተስፋፍቶ ቢሆን ደግሞ መውጣት ነበረበት። አንዱም አልሆነም። የተጨመረው ካንሰር የፊንላንዱ ካንሰር ነበር።

ዋጋው የተከፈለው በቢላዋ ነው። ካንሰር የተባሉት ሁሉም ለማለት ይቻላል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን በየማለዳው የሆርሞን ክኒን ይውጣል። ተመራማሪዎች ከ15,000 በላይ የቀዶ ሕክምና መዝገቦችን ሲያገላብጡ፣ 11 በመቶዎቹ የካልሲየም መጠን የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ዕጢዎች ተጎድተውባቸዋል፤ 2 በመቶዎቹ የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆኖባቸዋል። በ2014 የሐኪሞች ቡድን ወጥቶ ይህ ምርመራ ይብቃ ሲል ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ በዚያው ዓመት የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና በ35 በመቶ ወደቀ። ሰው ስለፈራ ተመርምሮ ነበር፤ ሲነገረው ደግሞ ተወው። በ2017 የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል ምልክት የሌለው ሰው ለታይሮይድ ካንሰር እንዳይመረመር መከረ።

ጃፓን ቀደም ብላ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። በኮቤ የሚገኘው የኩማ ሆስፒታል ከ1993 ጀምሮ፣ በዶክተር አኪራ ሚያውቺ ሐሳብ አመንጪነት፣ ከአንድ ሴንቲሜትር የማይበልጥ ፓፒላሪ ካንሰር ላላቸው ሰዎች “አንቀድህም፣ በየጊዜው በአልትራሳውንድ እናይሃለን” የሚል ምርጫ ሰጠ። ነርቭ ወይም አየር ቧንቧ አጠገብ ያሉት፣ ንፍፊት የያዛቸው አልተካተቱም። 1,235 ሰዎች በዚህ መንገድ ክትትል ተደረገላቸው። በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በ3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ፣ ወደ ንፍፊት የሄደባቸው 3.8 በመቶ ናቸው። በታይሮይድ ካንሰር የሞተ አልነበረም። ያደገባቸው በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ደኑ። በሴኡል ሰው የሚያስቀድድ ምክንያት የሆነው መሣሪያ በኮቤ ሰው እንዳይቀደድ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ያበጠ አንገት ይዞ ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ለማጽናናት አይደለም። በፍጥነት የሚያድግ እብጠት፣ ሳይለቅ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር፣ በልጅነት አንገት ላይ የተወሰደ ጨረር፣ በቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር መኖር፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራው ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው። የኮሪያ ችግር ጤነኛውን መቅደድ ነበር። የእኛ ችግር በአብዛኛው ሕመምተኛውን ዘግይቶ ማግኘት ነው፤ አሁን ግን በከተማ ባለው “ሙሉ ምርመራ” ፓኬጅ ምክንያት የኮሪያው ችግርም ደጃችን ደርሷል ባይ ነኝ።

ፕሮቡን ወደ ታች እናውርደው።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ፣ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ነው። ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ኩላሊቱን ሰጠ፤ ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንታዎች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ሥጋ እንደ ባዕድ አልቆጠረውም፤ ስምንት ዓመት ኖረበት። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሕክምና የተጀመረው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት ከኩላሊት እጥበት ለመገላገል የፈለገና አቅም ያገኘ ሰው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ።

አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በአሮጌዎቹ ቦታ አይደለም፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይተዋሉ። አዲሱ ከብሽሽት በላይ፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ደም ቧንቧው ወደ እግር ከሚወርደው ትልቅ የደም ቧንቧ ጋር፣ የሽንት ቧንቧው ከፊኛው ጋር ይሰፋል። ነርቭ ግን የሚሰፋ የለም፤ ተቆርጦ መጥቷል። ለዚህ ነው የሽንት ቧንቧው ቢዘጋ፣ በተፈጥሯዊ ኩላሊት ላይ ሰውን መሬት ላይ የሚያንከባልለው ሕመም እዚህ የማይሰማው። ኩላሊቱ እየሞተ ባለቤቱ ምሳውን ሊበላ ይችላል። የደም ምርመራው፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ከፍ የሚለው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመም የሚሠራውን ሥራ ምስል ይሠራል።

እዚህ ላይ የሚያገለግለው የአልትራሳውንድ ዓይነት ዶፕለር ነው። ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ፕራግ ላይ ሐሳቡን ያቀረበው ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር፤ ስለ ደም አላሰበም። ወደ ፕሮቡ የሚመጣ ደም የሚመልሰው ድምፅ ርግብግቡ ይበዛል፣ የሚርቀው ያንሳል፤ ከልዩነቱ የደሙ ፍጥነትና አቅጣጫ ይሰላል። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሆኖ ይታያል። ቀዩ የደም ቅዳ፣ ሰማያዊው የደም መልስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፣ ቀለሙ የሚናገረው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ንቅለ ተከላው በተደረገ በመጀመሪያው ቀን ዶፕለሩ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ደም ይገባል ወይ፣ ይወጣል ወይ? የተተከለ ኩላሊት ሌላ የደም መንገድ የለውም። የደም ቅዳው ከረጋ ኩላሊቱ ስክሪኑ ላይ ያለ ቀለም ይቀራል። የደም መልሱ ከረጋ ደግሞ፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደርስ ነው፣ ኩላሊቱ ያብጣል፣ መውጫ ያጣው ደም ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት ወደ ኋላ ይገፋል። ባለሙያው የሞገዱ መስመር ከዜሮ በታች ሲወርድ ካየ ሪፖርት ጽፎ ፋይል ውስጥ አይከትም፤ ስልክ ያነሳል። በሽተኛው ወደ ቀዶ ክፍል የሚመለስበት ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ሁለቱም አደጋዎች ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሱት፤ ነገር ግን ያልታዩ እንደሆነ ዘመድ የሰጠው ኩላሊት ይጣላል።

ከዚህ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ዶፕለሩን ትሕትና ያስተምረዋል። ክሬቲኒን አልወርድ ብሎ ደሙ ግን በደንብ ሲገባና ሲወጣ ምን ሆነ ይባላል? ኩላሊቱ በጉዞውና በቀዶው ደንግጦ ገና አልነቃ ይሆናል። የተቀባዩ ሰውነት አልቀበልም ብሎ እያጠቃው ይሆናል። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚሰጠው መድኃኒት መጠን በዝቶ ይሆናል። በምስል ሦስቱም ይመሳሰላሉ፦ ትንሽ ያበጠ ኩላሊት፣ ከፍ ያለ የደም ፍሰት ተቃውሞ።

ይህ ተቃውሞ በቁጥር ይለካል። ልብ ስትመታ የደሙ ፍጥነት በሴኮንድ 50 ሴንቲሜትር፣ ስታርፍ 15 ቢሆን፣ ልዩነቱ 35 ለ50 ይካፈላል፤ 0.7 ይሆናል። ከ0.8 ሲያልፍ ያሳስባል። በ2003 ከጀርመን ሃኖቨር የወጣ፣ 601 ተቀባዮችን የተከታተለ ጥናት፣ ቁጥሩ 0.8 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ቀድሞ እንደሚከሽፍ ወይም እነሱ ራሳቸው ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ቁጥሩ በየክፍሉ እንደ ትንቢት ይነበብ ጀመር። በ2013 ግን የቤልጅየም ሌቨን ተመራማሪዎች ቁጥሩን በተመሳሳይ ጊዜ ከኩላሊቱ ከተወሰደ ናሙና ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ የኩላሊቱን ሥጋ አይናገርም ነበር። የሚናገረው ስለ ተቀባዩ ዕድሜና ስለ ደም ቧንቧዎቹ መጠንከር ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ሰዎች የሚሞቱት ኩላሊታቸው እየሠራ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ኩላሊቱን እየለካን ነው ስንል ሰውየውን እየለካን ነበር።

ስለዚህ ጥቃት መኖሩን የሚወስነው መርፌ ነው። በአልትራሳውንድ ተመርቶ ከኩላሊቱ ቅርፊት ክር የምታህል ናሙና ይወሰዳል፤ ከ1991ዱ የካናዳ ባንፍ ስብሰባ በተነሳው መመዘኛ ይነበባል። መርፌው ራሱ አንዳንዴ የደም ቅዳንና የደም መልስን በአቋራጭ ያገናኛል፤ ዶፕለር ላይ እንደ ቀለም ፍንዳታ ይታያል፣ አብዛኛውም ራሱ ይዘጋል።

በኩላሊቱ ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ፈሳሽም እንዲሁ ማንነቱን አይናገርም። በመጀመሪያው ቀን ከሆነ ደም ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ ከስፌቱ ያፈተለከ ሽንት ይሆናል። ከወር በኋላ ከሆነ የሊምፍ ፈሳሽ መሆኑ ይበዛል። ጥቂት በመርፌ ተቀድቶ ክሬቲኒኑ ይለካል፦ ከደሙ ብዙ እጥፍ ከሆነ ሽንት ነው፣ ከደሙ እኩል ከሆነ ሊምፍ ነው። እንዲህ ያለ ቀላልና ቁርጥ ያለ መልስ በሕክምና ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ዶፕለር ከመጀመሪያው ቀን ሌላ በራሱ የሚተማመንበት አንድ ቦታ አለው። ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የተሰፋው የደም ቅዳ ሊጠብ ይችላል። ሰውየው የደም ግፊቱ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ይላል፣ ክሬቲኒኑ ቀስ እያለ ይወጣል። በጠበበው ቦታ ደሙ ይወነጨፋል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2.5 ሜትር ካለፈ የደም ሥር ምርመራ ይከተላል፣ በደም ቧንቧው ውስጥ በሚነፋ ባሉንና ስቴንት በሚባል ደጋፊ ቱቦም ይከፈታል። ከሚድኑት የንቅለ ተከላ ችግሮች አንዱ ይህ ስለሆነ፣ ግፊቱ ያስቸገረ ሰው ዶፕለር ሳይነሳ መድኃኒት ብቻ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም። ሲቲ ስካን የተሻለ ካርታ ይሰጣል፣ ለምስሉ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ግን ለደከመ ኩላሊት ይከብዳል። በኤም አር አይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየምም የቀድሞዎቹ ዓይነቶቹ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን እንደሚያደድሩ በ2006 ታውቋል፤ የዛሬዎቹ በጣም የተሻሉ ናቸው።

አንዳንዴ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሰውነቱን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስድ ካንሰር ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሰጋዋል፤ ደጋግሞ ስለሚመረመርም ሌላው ሰው የማይታይበት ነገር ይታይበታል። አንገቱ ላይ አምስት ሚሊሜትር ኖጁል ሲገኝ “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ለእሱም መለኪያው ከላይ ያልነው ነው፤ ኩላሊት ስለተተከለለት ብቻ መርፌው አይቸኩልም።

ለተቀባዮች አንድ ነገር አደራ ልበል፣ በተለይ ውጭ አገር ተተክሎላችሁ ለተመለሳችሁ። የቀዶ ሕክምናችሁን ሙሉ መዝገብ ሳትይዙ አትምጡ። ኩላሊቱ ስንት የደም ቅዳ እንደነበረው፣ የትኛው ከየት እንደተሰፋ፣ የሽንት ቧንቧው ውስጥ ስቴንት ቀርቶ እንደሆነና መቼ መውጣት እንዳለበት፣ የመጀመሪያዎቹ ዶፕለሮች ቁጥሮች፤ እነዚህ ይጻፉላችሁ። እዚህ የሚያያችሁ ባለሙያ የዛሬውን ምስል የሚያነበው ከዚያ ወረቀት ጋር አስተያይቶ ነው። ስቴንት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ የሚወጣ ነገር ነው፤ ካልተናገራችሁ ማንም ላያስታውሰው ይችላል።